ለሮባ የገጠምኩት ጎማ

የካቲት 24፣ 2016፣ እሑድ

ዛሬ ሮባ ከመተሐራ መጣ። የመኪናውን የኋላ ወንበር አጥፎ አራት ቸርኬ ከነጎማቸው ጭኗል። ከስፖርቱ ቪትዝ የተፈቱ ናቸው፤ አዲስ አበባ ተጋጭታ ከቆመች መኪና ላይ ገዛኋቸው አለ። የሱ መኪና ተራዋ ቪትዝ ናት፣ የብረት ቸርኬ በፕላስቲክ ክዳን።

«አባ፣ መተሐራም ጎሚስታ ሞልቷል። እርስዎ በእጅዎ ይግጠሙልኝ ብዬ ነው» አለኝ።

ታጠቅ ወሬ አያመልጠውም። ከሱቄ ጎን ባትሪና ዘይት እየሸጠ ስንት ዓመታችን። «ጃዕፈሬ፣ ለቪትዟ ጫማ ተገዛላት። ሠርግ ደረሰ በለኛ» አለ።

«ጫማ ቢቀየር እግሩ ያው ነው» አልኩት። ሮባም ሳቀ። ክፉ ልጅ አይደለም።

ስገጥም ከጎኔ ቁጢጥ ብሎ ያወራኝ ነበር። የሚሠራበት ስኳር ፋብሪካ ከበዓል በኋላ ባለ ሁለት ክፍል ቤት እንደሚሰጠው፣ ግቢው ዛፍ እንዳለው፣ ልጄ ፋዲላም እዚያ ፋርማሲ ሥራ እንደማታጣ። «መልካም» አልኩ። ገጥሜ ጨረስኩ፣ ሄደ። መኪናዋ አምራለች፣ ይህን አልክድም።

ሽማግሌ የላከው በጥር ነው። መልሱን ከረመዷን በኋላ ብያለሁ። ልጁን ቸኩሎ የሚሰጥ የለም።

የካቲት 25

መተሐራን አስቤ አደርኩ። ሙቀቱ ከኛ ከአዳማም የባሰ ነው። ወባ አለ። ሐይቁ በየዓመቱ እየሰፋ መንገዱ ድረስ መጥቷል። የጅቡቲ ከባድ መኪና ሌት ተቀን በከተማው መሐል ነው የሚያልፈው። አንድ አባት ይህን ሁሉ ማየት አለበት።

ለራሴ ብዬ አይደለም። ብቻዬን መኖር አያቅተኝም። ባለቤቴ ዋፊቃ ካረፈች ወዲህ ስንቱን ችያለሁ። ፋዲላ የሥራ ሸሚዜን ዛሬም ተኩሳ አስቀምጣለች፤ ጎማ ለሚፈታ ሰው ሸሚዝ አይተኮስም ብያት ነበር። ሻይ ስትቀዳልኝ ስኳሩን ራሷ ትለካለች፣ ሐኪሙ ያለውን እኔ ስለምረሳው። ያለሷም አልረሳውም።

የካቲት 28፣ ሐሙስ

ንፋስ፣ አቧራ። ሥራ በዛ።

ለአንድ የወለንጪቲ ሰው ቸርኬ ቀየርኩ። «ቤትህ ስትደርስ ቁምና እንደገና አጥብቅ፣ አዲስ ቸርኬ ሲቀመጥ ይላላል» አልኩት። ለሁሉም ነው የምለው። ለሮባ ብዬው ይሆን? ብዬው መሆን አለበት።

መጋቢት 2፣ ሰኞ

ረመዷን ገባ። የክርስቲያኖቹም ሁዳዴ ዛሬ ገባ፣ እኩል። ታጠቅ ጠዋት ሱቁን ሲከፍት «ዘንድሮ ሁለታችንም ርቦን ማን ማንን ይታገሣል?» አለኝ። እሱ እስከ ቀትር፣ እኔ እስከ መግሪብ። «አንተ ቀድመህ ስለምትበላ አንተ ታገሥ» አልኩት።

ካፈጠርን በኋላ ፋዲላ «ሮባ መሪው ይንቀጠቀጥብኛል ይላል» አለችኝ።

«ባላንስ ይሆናል። መንገዱም ነው።»

«ምን ልበለው?»

«ሲመጣ አየዋለሁ በይው።»

ከተራዊህ ሰላት ስመለስ ይሄ ነገር አብሮኝ መጣ። ስለ ጎማው ማሰሪያ ዳዶ ልጻፍ። ቸርኬዎቹ የራሳቸውን ዳዶ ይዘው አልመጡም፤ የሸጠለት ሰው አስቀርቶታል። እኔም የድሮዎቹን መለስኩባቸው። የብረት ቸርኬ ቀዳዳ ወደ ውስጥ እየጠበበ የሚሄድ ነው፤ ዳዶውም አፉ ሾጠጥ ያለ ነው፣ ሲጠብቅ ገብቶ ይቀመጣል። የስፖርቱ ቸርኬ ግን መቀመጫው ጠፍጣፋ ነው፣ ከሥሩ ጠፍጣፋ ቀለበት ያለው ዳዶ ይፈልጋል። ሾጣጣው እሱ ላይ ሲገባ በጠርዙ ብቻ ይነካል። እጅ ላይ የጠበቀ ይመስላል። ሲነዳ ሲነዳ ይላላል።

ለጊዜው ይሄዳል ብዬ ነው። እንዲህ የሚያደርግ ጎሚስታ ብዙ ነው። እኔ ግን አላደርግም ነበር።

መጋቢት 6፣ ዓርብ

ኡስታዙ ዛሬ ስለ ኒያ ተናገሩ። እጅህ ሲሠራ ልብህ የት እንደነበር አንተና አላህ ታውቃላችሁ አሉ። ሌላ ጊዜ ብሰማው ራሴን ነቅንቄ እወጣ ነበር። ዛሬ ከሰገድኩም በኋላ ተቀምጬ ቀረሁ። በዚያ እሑድ እጄ ዳዶ ሲያጠብቅ ልቤ ባለ ሁለት ክፍሉ ቤት ውስጥ ነበር። ከዚያ ወዲያ ማሰብ አልፈለግሁም፣ ተነሣሁ።

ለሮባ ደወልኩ። ፋብሪካ ውስጥ ነበር፣ ማሽኑ ይጮኻል።

«አባ፣ አከም ጅርቱ? ጾሙ እንዴት ይዞዎታል?»

«አልሐምዱሊላህ። ሙቀቱስ?»

«ለምደነዋል፣ አብሽሩ።»

አቦምሳ ስላሉት እናቱ ጠየቅሁት፣ ደህና ናቸው። ዱዓ አደረገልኝና ዘጋን። ስለ ጎማው አላነሣሁም። ጩኸቱ ብዙ ነበር።

መጋቢት 11

የዳዶ ማጠራቀሚያ ቆርቆሮዬን ገለበጥኩ። ጠፍጣፋዎቹን አገኘሁ። ለአራቱም ጎማ ይበቃሉ። ዘይት ቀብቼ በፌስታል አስቀመጥኳቸው። ሲመጣ እቀይርለታለሁ።

መጋቢት 12

ትናንት «አገኘሁ» ብዬ የጻፍኩት ልክ አይደለም። ጠፍተውኝ አያውቁም። ያን እሑድ ቆርቆሮው ከጉልበቴ ሥር ነበር። እጄን ሰድጄ ነበር። ቤቱ ዛፍ አለው ሲለኝ ባዶ እጄን መልሼ አወጣሁት።

ለምን እንደሆነ አላውቅም።

መጋቢት 15፣ እሑድ

ዛሬ ገመቹ የሚባለው የጅቡቲ መስመር ሾፌር ጎማ ሊያስለጥፍ ቆመ። ሮባን ያውቀዋል።

«ጋሼ ጃዕፈር፣ አማችህ ጉድ ነው» አለ። «መተሐራ መናኸሪያው ጋ ያለው ጎሚስታ የፊት ግራ ጎማህ ይወዛወዛል፣ ቁም ላጥብቅልህ ቢለው እምቢ አለ። አማቴ የገጠሙትን የሌላ ሰው እጅ አይነካውም፣ እሳቸውን መናቅ ነው፣ አዳማ ስሄድ ራሳቸው ያዩልኛል አለ።»

ታጠቅ እየሳቀ «አማች ከሆኑ አይቀር እንዲህ ነው» አለው። ገመቹም «የሚስቴ አባት ጎማ ቢገጥሙልኝ በዚያው ቀን ነው የማስፈታው» አለ።

እነሱ ሳቁ። እኔ ጎማውን ውኃ ውስጥ ነክሬ የሚተነፍስበትን ፈለግሁ። ገና ሳልሰጠው አማቴ ይለኛል። እኔን አከብራለሁ ብሎ ነው የማያስነካው።

ማታ ስልኩን አንሥቼ አስቀመጥኩት። ሱቁ ውስጥ ትክክለኛው ዳዶ እያለ ለምን አልገጠሙልኝም ቢለኝ ምን እላለሁ?

ዋፊቃ ብትኖር «ጃዕፈር፣ የሆድህን አውጣ» ትለኝ ነበር። እሷ ከሄደች ወዲህ እንዲህ የሚለኝ የለም።

መጋቢት 18፣ ረቡዕ

ፋዲላ እሑድ መተሐራ ልሂድ ብላ ፈቃድ ጠየቀች። ሮባ መጥቶ ይወስዳታል፣ እህቱ አሚራ አብራቸው ትሆናለች፣ ቤቱን አይታ ለኢፍጧር ትመለሳለች።

«በሚኒባስ ሂዱ» አልኳት።

«መኪና እያለው?»

«መንገዱ ከባድ መኪና ይበዛበታል።»

«ሚኒባሱስ በሌላ መንገድ ነው የሚሄደው?» ሳህኑን አስቀመጠች። «አባ፣ እውነቱን ንገረኝ። መንገዱ ነው ወይስ እኔ እንዳልሄድ ነው?»

የያዝኩትን ቴምር እንደሚገዛ ሰው አገላብጬ አየሁት። «ሂጂ» አልኩ።

በመኪናዋ ልትሄድ ነው። እሺ ያልኩት እኔ ነኝ።

መጋቢት 19፣ ሐሙስ፣ ጠዋት

ሱብሂ ሰግጄ ወጣሁ። ዳዶዎቹ በፌስታል፣ መፍቻው በጨርቅ። የሱቁን ቁልፍ ለታጠቅ ሰጠሁት።

«ጾምህን ይዘህ ወዴት?»

«መተሐራ።»

ፌስታሉን አየ፣ እኔን አየ። ቀልድ ያመጣል ብዬ ጠበቅሁ። «ሂድ፣ ሂድ» አለኝ ብቻ።

ያው ቀን፣ ማታ

እጄ ደክሟል፣ ቢሆንም ሳልጽፍ አልተኛም።

ከወለንጪቲ ወዲያ ያለውን መንገድ እንደ ዛሬ አይቼው አላውቅም። ተሳቢዎቹ ሲያልፉን ሚኒባሱ ይንገዳገዳል። ከአስፋልቱ ጠርዝ ወዲያ ጥቁር ድንጋይ ነው። በእያንዳንዱ ኩርባ የሮባን መኪና ተገልብጣ የማያት ይመስለኝ ነበር፤ ውስጥዋ ማን እንዳለ ግን አላይም፣ ዓይኔን እጨፍናለሁ።

የፋብሪካው በር ላይ አስጠራሁት። የአገዳ ጥላሸት በቱታው ላይ እንዳለ ሮጦ መጣ። «አባ፣ ደህና? ፋዲላ ደህና ናት?»

«ደህና ናት። ጎማውን ልይልህ ብዬ ነው።»

«ስልክ ቢደውሉ እኔ እመጣ አልነበር? በዚህ ጾም?»

መኪናዋ ከሠራተኞቹ ቤት ፊት ለፊት ኒም ዛፍ ሥር ቆማለች። በፊት ግራ ጀመርኩ። መፍቻውን ከማሳረፌ በፊት አንዱን ዳዶ በእጄ ያዝኩት፣ በጣቴ ዞረ። ሁለተኛውም በጣቴ ዞረ። ጎማውን ሳወጣው የቸርኬው ቀዳዳዎች ተበልተው ሞላላ ሆነዋል። ያ ቸርኬ ከእንግዲህ አይሆንም፤ ሦስቱም ብቻቸውን አይሄዱም። «የድሮዎቹን አልጣልካቸውም?» አልኩት። ከነጎማቸው ከቤት አወጣቸው። አራቱንም ወደ ብረቱ መለስኩ፣ በራሳቸው ዳዶ። ያመጣኋቸው ለምንም አልሆኑም።

ሮባ እንደዚያ እሑድ ከጎኔ ቁጢጥ ብሎ ነበር፣ ግን አላወራም። ከፌስታሉ አንዱን ጠፍጣፋ አነሣ፣ ከመሬት አንዱን ሾጣጣ አነሣ፣ ቸርኬው ላይ ተራ በተራ አስቀምጦ አያቸው። ሲውል ሲያድር ከማሽን ጋር ነው፣ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

«ይሄ ከሱቅዎ ነው?»

«አዎ።»

«ያን ዕለትም ነበር?»

አልነበረም ማለት እችል ነበር። ማንም አያውቅም።

«ነበረ» አልኩት።

ዳዶዎቹን መሬት ላይ አስቀመጣቸው። «እሑድ ፋዲላን ልወስዳት ነበር።»

«አውቃለሁ።»

ሰው ሲቆጣ ያስታውቃል፣ እሱ ላይ ግን ቁጣ አላየሁም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። «አባ፣ እምቢ ቢሉኝ እኮ እመለስ ነበር» አለ። «ሽማግሌ እምቢ ይባላል። ነውር የለውም።»

«አፌ አልደፈረም» አልኩት። «እጄ አለልኝ።»

አስፋልቱ ድረስ ሸኘኝ። ሁልጊዜ «ገለቶማ አባ» ብሎ ሳያመሰግን አይለየኝም። ዛሬ አላለም። ሚኒባሱ ሲመጣ «ለፋዲላ እኔ አልነግራትም፣ ለእርስዎ ትቼዋለሁ» አለኝ።

ያፈጠርኩት ወለንጪቲ፣ ሚኒባስ ውስጥ፣ አጠገቤ የተቀመጠች ሴትዮ በሰጠችኝ ውኃ ነው። ዱዓ አድርጉልኝ አለችኝ። አፍሬ ነው ያደረግሁላት።

መጋቢት 22፣ እሑድ

ሮባ አልመጣም። ተረኛ ነኝ ብሏታል። ፋዲላ ለብሳ ነበር፣ አወለቀች።

«ድምፁ ልክ አይደለም» አለች። «ሐሙስ ሄደህ ምን አልከው?»

«ጎማውን አየሁለት።»

«ሌላ?»

«ሌላ ምን አለ?»

ቆይታ ደግሞ መጣች። «አባ፣ ሐሳቡን የቀየረ ይመስልሃል?»

«እንጃ» አልኳት።

እንጃ። ይህችን ቃል እንዴት ተናገርኳት? የዳዶው ጊዜ ልቤ ሌላ ቦታ ነበር ብዬ አመካኝ ነበር። ዛሬ ልቤም አፌም አንድ ቦታ ነበሩ፣ ልጄ ፊት ለፊቴ ቆማ። እያለቀሰች አይደለም። ሸሚዜን እየተኮሰች ነው።

መጋቢት 25

አልነገርኳትም። ስልኳን ታያለች፣ ታስቀምጣለች። ሌሊት ለሱሁር ስንነሣ ውኃ ብቻ ጠጣች።

ታጠቅ ዛሬ «መተሐራ ያደረስከውን አድርሰሃል፣ ቤትህ መቼ ልታደርስ ነው?» አለኝ። ምን ያህል እንደሚያውቅ አልጠየቅሁትም።

መጋቢት 27፣ ዓርብ

ነገርኳት። ካፈጠርን በኋላ፣ ገበታው ሳይነሣ። ዳዶውን፣ ቆርቆሮውን፣ ዛፉን፣ ሁሉንም። እንዳላቋርጥ ብዬ ግድግዳውን እያየሁ ነው የተናገርኩት።

«እኔም እኮ መኪናዋ ውስጥ ልገባ ነበር» አለች።

«ሲጀመር ያንን አላሰብኩም።»

«ምን ነበር ያሰብከው?»

ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ወባው፣ ስለ ሐይቁ ልል አፌን ከፈትኩ። «እንድትቀሪ» አልኩ።

ብርጭቆዎቹን ሰበሰበች። አንዱን አስቀመጠች፣ ደግሞ አነሣች። «ብትነግረኝ ኖሮ» አለች፤ አልጨረሰችውም። ክፍሏ ገብታ ከሮባ ጋር ስታወራ ሰማሁ፣ በኦሮምኛ፣ ቀስ ብላ። ማዳመጥ አልፈለግሁም፣ ደጅ ወጣሁ። ከመስጊድ የቁርኣን ድምፅ ይመጣ ነበር። ብገባ ይሻል ነበር። በሩ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ።

ሚያዝያ 1

ሻይ ቀዳችልኝ። ስኳሩን አልለካችውም፣ ጣሳውን አጠገቤ ትታልኝ ሄደች። እኔም ሳልጨምር ጠጣሁ።

ነገ ዒድ ነው። ሽማግሌዎቹ ይምጡ አይምጡ አላውቅም። ልጠይቅ የምችለውም ሰው የለም።

ሚያዝያ 2፣ ረቡዕ፣ ዒድ

መጡ። የሽማግሌዎቹ መሪ ኦቦ ጫምሳ ሁለት ሰው አስከትለው፣ ሮባ እየነዳ። መኪናዋ በፕላስቲክ ክዳኗ ነው የመጣችው።

ከሰላምታና ከምርቃት በኋላ ኦቦ ጫምሳ «ጃዕፈር፣ በጥር ያሳደርክብን መልስ አለ» አሉ።

«ከመልሱ በፊት ልጁን የበደልኩት በደል አለ» አልኩ።

ወደ ሮባ ዞሩ። ሮባ ምንጣፉን ያያል። «ልጁ ምንም አላለንም» አሉ። «አንተ ካልክ እንሰማለን።»

ተናገርኩ። አላሳጠርኩትም። ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ላ ኢላሀ ኢለላህ» ሲል ሰማሁት። ኦቦ ጫምሳ በትራቸውን ከአንድ ጉልበት ወደ ሌላው አዛወሩ።

«ይህ ለብቻው ተቀምጦ ይታያል» አሉ በመጨረሻ። «በእርቅ እንጂ በዝምታ አያልፍም። ዛሬ የመጣንበት ግን ሌላ ነው። ልጅቱን ትሰጠናለህ?»

«እንዲህ ካደረግሁ በኋላ ሰጪ መሆን አይገባኝም። መልሱ የሷ ነው።»

ፋዲላ ከውስጠኛው ክፍል በር ላይ ነበረች። ሽማግሌ ፊት እንዲህ ስትናገር ሰምቼ አላውቅም፣ ድምጿም አልጮኸ። «ኦቦ ጫምሳ፣ የኔን መልስ ሮባ ያውቀዋል። አባቴ ደግሞ የራሱን በአፉ ይበል» አለች።

ሁሉም እኔን አዩ።

«ሰጥቻለሁ» አልኩ። ድምፄ ቀጭን ሆኖ ወጣብኝ። ደግሜ አልኩት።

መረቁ። በላን ጠጣን። ሮባ ሲበላ ከኔ ፊት ለፊት ነበር፣ ሥጋ ቆርጦ ወደኔ ገፋልኝ፤ ለማንኛውም ሽማግሌ እንደሚያደርገው።

ሲሄዱ ሮባ ሽማግሌዎቹን መኪናዋ ውስጥ አስቀመጣቸው። ከዚያ ከኋላ መፍቻ አወጣ። ክዳኖቹን አንድ በአንድ አንሥቶ እያንዳንዱን ዳዶ ፈተሸ፣ አራቱንም ጎማ ዞሮ፣ ደጄ ላይ፣ እኔ ቆሜ እያየሁት። ለማሳፈር አልነበረም። መንገደኛ የሚያደርገው ነው። ቀኝ እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ፣ ኪሴ ከተትኩት።

ኦቦ ጫምሳ በመስኮት «ላልቷል?» አሉት።

«አልላላም» አለ ሮባ።

መፍቻውን መለሰና መጥቶ ትከሻዬን ሳመ። «ደህና ይዋሉ፣ አባ» አለኝ።

ፋዲላ አጥሩ በር ላይ ቆማ ነበር። ደህና ግባ አላለችውም፣ እኔንም አላየችኝም። መኪናዋ ከመንደራችን ወጥታ ወደ አስፋልቱ እስክትታጠፍ ድረስ የፊት ግራውን ጎማ ነበር የምታየው።